ወደ ግራ የተገፋ ካርድ

እማማ ድንቅነሽ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ ክፍል ሲገቡ፣ ልጆቹ ቅማል የሚፈጁ ይመስል ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ካርድ ይገፋሉ። ወደ ቀኝ የገፉት ጭንቅላታቸው ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ግራ የገፉት ከጭንቅላታቸው ይጠፋል።

«ሰብለ፣ እስቲ የእናትሽን ስም ንገሪኝ፤ ነፍሷን ይማረውና» አሉ እማማ።

ልጅቱ ዞራ መምህሯን አየች።

«ፈተና ላይ አይመጣማ፣ እማማ» አለ መምህሩ ፈገግ ብሎ። «ለወንዞቹ ቦታ አጠረን።»

«እናቷን አውጥተህ አዋሽን ከተትክባት? እኔ ፊደል ባልቆጥር ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፤ አንተ የተማርከው ግን አንዷን እናት አስጣልካት።» ወለሉ ላይ እንትፍ አሉ።

ከዚያ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ ብለው «እናትሽ ትርፌ ትባላለች። በይ፣ ከእኔ ጋር በዪ» አሏት።

ሰብለ ፊታቸውን ትክ ብላ አየች። አውራ ጣቷን ጉንጫቸው ላይ አሳረፈችና ቀስ አድርጋ ወደ ግራ ገፋች።