በመኮሮኒ የተፈተነችው እናት

ነርሷ ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ቤት የመጣችው ልትረዳ አልነበረም፤ ልትፈትን ነው። እናትየውም ይህን አላጣችውም።

"ፈታኟ መጣሽ?" አለች በሩ ላይ ጉንጯን እየሳመች። "ወንድምሽስ?"

"ለእራት ይደርሳል።"

"እሱ ውጤት ሊሰማ ነዋ። ግቢና እጅሽን ታጠቢ፣ ሽንኩርቱ ልጣጩን በራሱ አያወልቅም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ጋዙ ሳይዘጋ አደረ፣ የውጭ በር ቀኑን ሙሉ ተበርግዶ ዋለ፣ ካውያ አንድ ሸሚዝ በላ። ሦስቱንም ለልጆቿ ደውላ የተናገረችው ራሷ እናትየው ናት፤ "እኔ ነኝ፣ ረስቼው ነው" እያለች፣ ሰዓቱን ሳይቀር ጠቅሳ። ቧንቧ ሠራተኛው ወንድ ልጇ ሦስተኛውን ሲሰማ በቃ አለ። ሲሊንደሩ ይነቀል፣ ቤቱ ይዘጋ፣ እናት ነርሷ ጋ ትግባ፣ አባት እሱ ጋ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ቤት ከልጆቹ አንዳቸውም የላቸውም። አርባ አንድ ዓመት አንድ ትራስ የተጋሩ ሰዎች በስልክ ሰላም ሊባባሉ!

እናትየው ሰምታ አላለቀሰችም። "ቅዳሜ እራት እኔ ልሥራ" አለች። "አንዲት ነገር ከረሳሁ ሻንጣዬን ራሴ እሸከማለሁ። ካልረሳሁ ግን ይቺን ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማት።"

ለፈተናው የመረጠችው መኮሮኒ በሥጋ ነው፤ ነጭ ሶስ ፈስሶበት ፎርኖ የሚገባው። ሦስት ድስት በአንድ ጊዜ ይጣዳል፣ አንዱን ዘንግቶ ሌላውን ማዳን የለም።

ነርሷ ወጥ ቤት ገባች። ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። "ጋዝ ይዘጋ።" "በር ይቆለፍ።" "ካውያ ይነቀል።" ፊደሉ የሕፃን መማሪያ ያህል ትልልቅ ነው። ቀና ብላ አነበበችው። እናትየው በርጩማ ስባ ወጣችና ከወረቀቶቹ ሥር ካለው መደርደሪያ የወተት ድስቷን አወረደች።

አባትየው ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ክራቫቱ የታሰረ፣ ኮቱ የተደረበ።

"ደህና ነሽ የኔ ልጅ? መንገዱስ፣ ተጨናንቋል?"

"ደህና ነው አባዬ። እዚህ ሙቀት ውስጥ ከምትቀመጥ ሳሎን አትሄድም?"

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት" አለች እናትየው። "ጨዋታው ይጥመኛል።"

ሽንኩርቱ ቀላ፣ የተፈጨው የበሬ ሥጋ ገባ፣ የቲማቲም ድልህ ተከተለ። መኮሮኒው ሲጠነፈፍ ነርሷ አንዱን ቀመሰች። መሐሉ ጥሬ ነው።

"እማዬ፣ ይሄ አልበሰለም።"

"አውቃለሁ።"

ነርሷ በልቧ ያዘችው፤ አንድ። ቀጥሎ ቅቤና ዱቄቱ ተማስሎ ወተት ሲገባበት፣ ሶሱ እንደ ሾርባ ቀጠነ።

"ይሄም ቀጠነ እኮ።"

"አውቃለሁ አልኩሽ! መኮሮኒው ፎርኖ ውስጥ ገብቶ ወተቱን ይጠጣል፣ እዚያው ይበስላል። አሁን አብስዬ አወፍሬ ብሰጥሽ ማታ ሊጥ ትበያለሽ። ነርስ ሆነሽ በሽተኛ ሳትመረምሪ መድኃኒት ታዢያለሽ?"

ነርሷ አፈረች። ወዲያው ግን አባትየው እጁን ሊታጠብ ተነሣ፣ እናትየውም "ቆይ፣ መብራቱን ላብራልህ" ብላ ማማሰያዋን ጥላ ተከተለችው። ሶሱ እሳት ላይ ነው። አሁን ረሳች፣ አለች ነርሷ በልቧ፣ አለቀላት።

"እሳቱን ቀንሺው፣ ሊገነፍል ነው!" የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ። እውነትም ሶሱ አፍ አፉ ደርሷል።

አመሻሽ ላይ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ፤ በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው ትልቅ መፍቻ።

"ደህና ነህ የኔ ልጅ? መንገዱስ፣ ተጨናንቋል?" አለው አባቱ።

"ሰላም ነው አባዬ" አለና መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ጋደም አደረገው።

"አንሳልኝ" አለች እናትየው። "ገበታዬ ላይ ብረት አይቀመጥም። ሲሊንደሩን ልትፈታ ከመጣህ መጀመሪያ እኔን ፈትተህ አውጣ።"

ትሪው መጣ። ላዩ ቡናማ ሆኗል፣ ቺዙ በጭልፋው ይሳባል፣ ውስጡ ለስላሳ። እናትየው ከባሏ ጎን ተቀምጣ መጀመሪያ ለሱ ቆረሰች፣ ሹካውንም እጁ ላይ አስያዘችው። ቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አስጨመረ፣ በሦስተኛው ግን እህቱን አየት አደረጋት።

"እሺ፣ ምን አየሽ?"

"ጨው አልረሳች፣ እሳት አልረሳች" አለች ነርሷ። "እኔ የማላውቀውን ሁሉ ታውቃለች። እንዲያውም ከሁላችን ጤነኛዋ እሷ ናት። መፍቻህን ይዘህ ሂድ።"

ወንድሟ ራሱን አከከ። "በቃ፣ ተሸነፍኩ። ቤቱም አይዘጋ፣ እናንተም አትለያዩ።"

እናትየው ያን ጊዜ ብቻ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጆቿ እንዳያዩባት ብላ "ሻይ ላምጣ" አለችና ከሰዓት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን ጥላ ብቻዋን ወጥ ቤት ገባች።

አባትየው አፉን ጠረገ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ለሁለቱም በትሕትና እጅ ነሣ።

"የሴትየዋ እጅ ይባረክ፣ ሙያ አላቸው" አለ። "በሉ እኔ ልሂድ፤ ባለቤቴ ቤት ብቻዋን ናት፣ እኔ ካልመጣሁ እራት አትበላም።"