እፍኝ ሰርዶ

ሱሀይላ ተንበርክካ ሰርዶ ትነቅላለች። ጉም መካነ ሰላም ከተማን ውጧታል፤ የሚታየው እሷና ጠጠሩ ብቻ ነው። ጠጠሩም ቢሆን ዳር ዳሩ ደመና ሆኗል።

ጠጠር የለበሰው ግቢዋ መኪና ማቆሚያ የሚባለው በስሙ ብቻ ነው። እስካሁን የቆመበት አንድ ባጃጅ ነው፤ እሱም ተበላሽቶ። ሳሩ ግን ሳያስፈቅድ፣ ታሪፍ ሳይጠይቅ፣ ሌሊት ሌሊት እየገባ ይቆማል።

«ጨው በተንሽበት?» ትላለች ጎረቤቷ እሌኒ ከአጥሩ ማዶ። ድምጿ እንጂ ፊቷ አይታይም።

«በተንኩ።»

«የተቃጠለ ዘይትስ?»

«እሱንም ጠጣው።»

«ጨው በልቶ፣ ዘይት ጠጥቶ! እንግዲህ የቀረሽ ሽሮ ብቻ ነው። መጀመሪያውኑ ከጠጠሩ ስር ላስቲክ አንጥፊ ብዬሽ ነበር።»

ሱሀይላ ቸኩላለች። ታላቅ ወንድሟ አሕመድኑር ሱቁን ሊከፍት በዚህ ከማለፉ በፊት አንድም አረንጓዴ ነገር መታየት የለበትም። ከጅዳ ተመልሳ፣ ከአባቷ በውርስ የደረሳትን የግጦሽ መሬት ጠጠር ያለበሰችው ቀን፣ «የአባቴን ሳር ከነነፍሱ ቀበርሽው!» ብሎ በሰው ፊት ጮኾባታል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። ያስቀየመው እሱ፤ እሷ በምን ዕዳዋ ቀድማ ትናገር? ደግሞ ሳሩ አሸነፈ ብሎ ይሳቅባት?

ሰርዶው ግን እጇ ላይ ሲመጣ ይለሰልሳል። ሥሩ ረጅም፣ ነጭ፣ እየተጎተተ ይወጣል፤ ስትስበው አባቷ ከታች ጫፉን የያዘ ይመስላታል። ጆሮዋን ወደ ጠጠሩ ታስጠጋለች። ከስር የአባቷ የድሮ ላሞች ያመነዥካሉ፤ ቀስ ብለው፣ የሚያስቸኩላቸው ነገር እንደሌለ ሁሉ።

ሁለት እጇ ሲሞላ፣ ውጭ ካለው ቦይ ልትደፋው ተነሥታ ወደ በሩ ትሄዳለች። ጉሙ ይከፈታል። አሕመድኑር ፊት ለፊቷ ነው።

ሊያልፍ ነበር፤ እጆቿን ሲያይ እግሩ ይገታል። በዚህ አገር እርጥብ ሳር ይዞ ሰው ፊት የሚቆም የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ይቅርታ። ይህን ሕፃንም ያውቃል።

«ሳር ይዘሽ?» ይላል። «እኔን ብለሽ፣ ሳር ይዘሽ ወጣሽ? መያዝ የነበረብኝ እኮ እኔ ነኝ፣ እቴ።»

አረም ነው፣ ልጥለው ነው፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ከአጥሩ ማዶ እሌኒ ለማየት አንገቷን ታሰግጋለች።

«እኔ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» ይላል አሕመድኑር። «አንቺም አውፍ በይኝ።» ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ መዳፎቹ ተጨማደዋል። መቼ እንዲህ አረጀ?

ሱሀይላ ወደ ሳሩ ታያለች። ከመሃሉ አንድ የደረቀ ዘለላ መርጣ ትጥላለች። የቀረውን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ታቀርብለታለች።