ርካሿ ቀበቶ

«አይታሰርበትም አልኩ እኮ! ልጄ የማንም መሞከሪያ አይደለም!»

በሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ ዞረው አዩዋት...

ልጇ ያለጊዜው የተወለደ፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ነው።

እንዲህ ያሉ ሕፃናት አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ... ስለዚህ እናት ዓይኗን ሳትከድን ስትጠብቀው ነው የምትውለው።

ነርሷ የያዘችው ሆድ ላይ የሚታሰር ትንሽዬ ቀበቶ ነው። የሕፃኑ ትንፋሽ ሲቆም ይጮኻል።

«ትንፋሽ የሚከታተለው ትልቁ ማሽንስ?» አለች እናት።

«ያለን አንድ ነው፣ እሱም ተይዟል። ይሄ እዚሁ የተሠራ ነው፤ ርካሽ ነው ግን...»

«አሃ! ለድሃ ልጅ ርካሽ ነገር ይበቃዋል በይኛ!»

ነርሷ ቀበቶውን ይዛ ሄደች።

ከእናትየው አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ቢጃማ የለበሰች ሴት፣ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ለሕፃኗም እንደዚያው ያለ ቀበቶ ታስሮላታል።

«እህቴ... ርካሽ ማለት እኮ የማይረባ ማለት አይደለም። ለሁሉም ይደርሳል ማለት ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሻጯ ነሽ እንዴ?»

ሴትየዋ ሳቀች። «ኧረ እኔም እንዳንቺው አራስ ነኝ!»

ሳቋን ሳትጨርስ...

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!

የሴትየዋ የገዛ ልጅ ቀበቶ ነው! የሕፃኗ ከንፈር ጠቆር ብሏል... ደረቷ አይንቀሳቀስም።

ነርሷ ሮጣ መጥታ ውስጥ እግሯን ቸብ ቸብ አደረገቻት...

ዝም...

ደገመቻት...

«እዋ... እዋ!»

ክፍሉ በሙሉ «እፎይ!» አለ።

ያቺ ስትጮኽ የነበረችው እናት ቀስ ብላ፣ «ሲስተር... ለኔም ልጅ እሰሪለት» አለች።

ነርሷ አሰረችለትና ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረች።

«ኢንጂነር፣ እስቲ እዪልኝ... አልጠበቀበትም?»

«የምን ኢንጂነር?» አለች እናት።

«እሷ ናታ ቀበቶውን የሠራችው!»

እናትየው አፏን ያዘች። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርሽማ ዕቃዋን ልታሻሽጥ ነው ትይኝ ነበር!»

ከዚያ ልጇን ቁልቁል አየቻትና ዓይኗ እንባ አቀረረ...

«ስሠራው የሥራ ባልደረቦቼ 'በዚህ ዋጋ ይሄ ይበቃል' ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ 'የራሴ ልጅ ብትሆንስ?' እያልኩ እየፈታሁ ደጋግሜ ሠራሁት... ያኔ ልጅም አልነበረኝ። ይኸው፣ እውነትም የራሴ ልጅ ሆና መጣች።»

ያን ቀን ከሰዓት፣ ልጇን ቀበቶው ስለሚጠብቅላት እናትየውን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት... ማንኮራፋቷ እናቶቹን ሁሉ ሲያስቅ ዋለ።

ሁለቱም ሕፃናት ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ደህና ሆነው ቤታቸው ገቡ።

ወዳጆቼ... ለማናውቀው ሰው የምንሠራውን ሥራ ለገዛ ልጃችን እንደምንሠራው እንሥራው። የማናውቀው ሰው ማን ሆኖ እንደሚመጣ አይታወቅምና!

እስቲ በእውነት... ዛሬ የሠራችሁት ሥራ ለልጃችሁ ቢሰጥ በሙሉ ልብ ትቀበሉታላችሁ? ሥራችሁን ጠቅሳችሁ ኮመንት ላይ ንገሩን 👇