ወይ ጉልበቴ

ወይዘሮ አስካለ የሹራብ ፋብሪካውን የፈረቃ ሰሌዳ በእጃቸው እያሰመሩ ነበር። የፈረቃ ኃላፊዋ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ማደሻው መርፌ ከመጣ ወዲህ ግን እንደ ማንኛውም አዛውንት የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ይመስላሉ። ባለፈው እሑድ በልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ እንኳ «አንቺ ልጅ፣ እንግዶቹን አስታጥቢ» ተብለው ማንቆርቆሪያ ይዘው ዋሉ።

ትናንት የተሾመው ሥራ አስኪያጅ ሚልኪያስ ገባና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሱ በእርግጥም ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።

«ምን ያደክምሻል? ሰሌዳውን ማሽኑ ያውጣው እንጂ!»

«ማሽኑማ አራሷን ብርቄን ለሌሊት ፈረቃ መደባት።»

«ማሽኑ ለማንም አያዳላም። በይ ተይው።»

ወይዘሮ አስካለ ሊከራከሩት ብድግ ሲሉ፣ ያልለቀቃቸው የድሮ ልማድ «ወይ ጉልበቴ!» አሰኛቸው።

ሚልኪያስ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ውይ፣ ይቅርታ እማማ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!»

ወይዘሮ አስካለ ሳቁ። «መነሳቱን ተወውና ስማኝ። ጉልበቴ እንኳ አሁን ካንተ ሳይሻል አይቀርም።»

እሱም እየሳቀ ተቀመጠ። ስለ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሲነግሩት እስከ ምሳ ሰዓት አዳመጠና «ብርቄ ጠዋት ትግባ» ብሎ ፈረመ። ወይዘሮ አስካለ ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ፤ እስክሪብቷቸውንም ከደኑ።