አንድ ደቂቃ የሚለሰልስ ብረት

ጮሌው ሦስት ቀን ሙሉ የተለማመደው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ልጅዎን ይዳሩልኝ።»

ለመስታወት ሲናገረው ቀላል ነው። ለጋሽ ብረቱ መናገር ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጮሌው የሚሠራበት ወርክሾፕ የምድጃ አለቃ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ ሲስቁ ያየ የለም። ልጃቸው ማዶ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ጮሌው ራሱን ሳያመው የራስ ምታት ክኒን ሲገዛ ሁለት ወሩ ነው።

ዛሬ ግን ቀኑ ደህና ይመስላል። ጋሽ ብረቱ ጢማቸውን ተላጭተው ገቡ።

«ና አንተ» አሉ፣ ጣት የምታህል ቁራጭ ብረት እያሳዩት። «ቀለበት እንሠራለን።»

ጮሌው ጠጋ አለ። «ለማን ነው ጋሼ?»

«እሱን ኋላ። መዶሻውን ያዝና ምታው።»

መታው። መዶሻው ነጥሮ ግንባሩን ሊፈነክተው ምንም አልቀረውም። ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

«መስታወት ብረት ነው። ቀልጦ ሳለ በቅጽበት ስለቀዘቀዘ ውስጡ እንደ መስታወት ዝብርቅርቅ ነው፤ አልተደረደረም። በቀዝቃዛው ከታገልከው ወይ ይመልስሃል፣ ወይ ድንገት ቀጭ ይላል። አራት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ላይ ግን ሊጥ ነው፤ ያኔ መፍጠን ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩላል?»

«ሊጥ ሆኖ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ነዋ! ከዘገየህ ውስጡ ይደረደርና ድርቅ ይላል፣ ሲነኩት ይሰነጠቃል። ያለችን ቁራጭ ደግሞ ይቺው ናት፣ ልጄ።»

ልጄ! የጮሌው ልብ ዘለለ። አውቀውታል ማለት ነው።

ይሄኔ እናቱ በበሩ ብቅ አለች። ብቻዋን ያሳደገችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ዛሬም ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ክር ተጣብቋል።

«ምሳህን ረሳህ» አለችው።

«ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር እኮ! በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።»

«እንጃልህ።» ሳህኑን አቀብላው፣ ለጋሽ ብረቱ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሄደች። እሳቸው የምድጃውን ዲግሪ ማንበቢያ በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ንጹሕ ነበር።

አራት መቶ ሃምሳ።

«አሁን!»

የጋለው ቁራጭ የቀለበቱ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገባ። ጮሌው የመጫኛውን እጀታ ቁልቁል ተጭኖ ያዘው። መዶሻ የተሳነው ብረት እንደ ማር ተሳበ። «ሃያ... ሠላሳ... አርባ... በቃ፣ አውጣው!»

ቀለበቱ እያብረቀረቀ ወጣ። ሲቀዘቅዝ ጋሽ ብረቱ ከኪሳቸው የተቋጠረ ሰማያዊ ክር አውጥተው ለኩበት። ልክክ አለ። ጮሌውም ዞር ብሎ፣ ከፋርማሲው የልጅቷን ጣት በዘዴ ለክቶ ባመጣው የራሱ ክር ሞከረው። ሰፊ ነው።

ይሁን፣ አለ በልቡ፤ ስታገባ ትወፍራለች።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም። ደቂቃዬ እንዳታልፍብኝ።» ጋሽ ብረቱ ቆባቸውን አወለቁ። ፊታቸው ከምድጃው ብሶ ቀልቷል።

«እናትህን ዳርልኝ።»