የእንሰቱ ፎልደር

«ገባ!» አለች ብሩክታይት፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «አባ፣ ገባልኝ! ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው።»

አቶ ባዳቾ ከጀርባዋ ቆመዋል። ከሃላሌ አብረዋት መጥተው ከጠዋት ጀምሮ ሶዶ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው በሀብተየስ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ እንደቆሙ ናቸው፤ ወንበር ቢሰጣቸው እምቢ አሉ። የገባቸው ይህ ብቻ ነው፦ ልጃቸው በፓይተን የጻፈችው ፕሮግራም ታሽጎ አዲስ አበባ ላሉ ፈታኞች ተልኳል። ፈታኞቹ በራሳቸው ኮምፒውተር ይጭኑታል። ከሠራ ትቀጠራለች። መላክ የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ፤ እስከ ዛሬ ሌላ የጠራት የለም።

ፕሮግራሙ የእንሰት ነው። የዝርያውን ስም ሲጽፉለት የሚስማማውን መሬትና የሚችለውን በሽታ ይናገራል። ስልሳ ሰባቱን ዝርያ አንድ ክረምት ሙሉ፣ ከጓሮ ጓሮ እያዞሩ ያስጻፏት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ ባዳቾ፣ እንግዲህ ሙክት ይፈልጉ» አለ ሀብተየስ። «ነይ እስቲ፣ በኔም ማሽን ጫኚው። ፈታኙ እኔ ነኝ።»

ጫነችው። ሀብተየስ ኪቦርዱን ወደ ሽማግሌው ገፋ። ባዳቾ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል፤ በአንድ ጣት የአንዱን ዝርያ ስም፣ «ማዚያ» ብለው ጻፉ።

«አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ሀላ ብለው ጻፉ። አልተገኘም። ገፈታኑዋ። አልተገኘም።

«እኔ ጋ እኮ ይሠራል» አለች ብሩክታይት። ወደ ራሷ ማሽን ተመልሳ ሞከረችው። እዚያ ይሠራል።

ሀብተየስ የላከችውን ጥቅል ከፍቶ ጎንበስ ብሎ አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ኮዱ ብቻ ነው ያለው። የዝርያዎቹ ዝርዝር ያለበት ፎልደር የለም። የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«ለብቻው። ከፕሮግራሙ ውጭ።»

«ማሸጊያው እኮ የነገርሽውን ብቻ ነው የሚያነሳው! አንቺ ጋ ፎልደሩ አጠገቡ ስላለ ያገኘዋል፤ ሰው ጋ ሲሄድ ከየት ያምጣው? ምን አስበሽ ነው ውጭ ያደረግሽው? ዲግሪሽን ከቅዳሜ ገበያ ነው እንዴ የገዛሽው?»

ወደ አባቷ አልዞረችም።

«ተሳስቼ ነው» አለች።

አልተሳሳተችም። ባዳቾ ያስታውሳሉ። ዝርዝሩ ያለቀ ዕለት፣ «የኔ ቃል ከሌላ ነገር ጋር አይደባለቅ፤ ለብቻው ቤት ይሠራለት» ብለዋት ነበር። የአባታቸውን እንሰት ሰው እያደባለቀ ስሙን ሲያጠፋው አይተዋል። ልጅቱ «አባ፣ እንዲያ አይመችም» ብላ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት። እንዳሉት አደረገችው።

እኔ ነኝ ያዘዝኳት ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሀብተየስ ያያቸዋል። መልሰው ዘጉት።

ብሩክታይት የተላከበትን ገጽ ከፈተች። «ማመልከቻዎ ደርሶናል። መቀየር አይቻልም» ይላል። ጥቂት አየችውና ዘጋችው። ከዚያ ፎልደሩን ጎትታ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባች፤ በማሸጊያው መመሪያ ፋይል ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ እንደገና አሸገችው።

«ለማን ልትልኪው?» አለ ሀብተየስ፣ አሁን በለሆሳስ።

አዲሱን በሱ ማሽን ላይ ጫነችና ለአባቷ ወንበር ሳበች። በዚህ ጊዜ ባዳቾ ተቀመጡ።

«ይጻፉ እስቲ፣ አባ።»

ማዚያ ብለው ጻፉ።

«ማዚያ። አጠውልግ በሽታ አይጥለውም። ሌላው ሲያልቅ እሱ ይቀራል።» ራሳቸው እንዳሉት፣ ቃል ሳይጎድል።

«ልክ ነው?» አለች ከጀርባቸው።

«ልክ ነው።»

ሀላን ጻፉ። ወጣ። ልክ ነው አሉ። ገፈታኑዋን ጻፉ። ሀብተየስ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቱ በየስሙ «ልክ ነው?» ትላለች፣ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። እሳቸውም ፊደሉን እየፈለጉ፣ ጣታቸውን ቀስ እያደረጉ ይጽፋሉ። ስልሳ አራት ቀርቷል። ሲያልቅ ፊታቸውን ወደ እሷ ማዞር አለባቸው።