ማንም እንዳይነካው

የዲኖ የቆዳ መጋዘን ሰበታ ላይ፣ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤት አጠገብ ነበር። የሚጠብቀውም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆዳውን የሚያገላብጠውም ተድላ የሚባል የተጂ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጋዘኑ ተቃጠለ። እሳት አደጋዎች የኋላውን ግንብ አፍርሰው ውሃ ሲረጩ፣ የፊተኛው ግንብ ጣራውንና የቆዳውን ክምር ይዞ ወደ ውስጥ ተናደ። ሰው አልተጎዳም ተባለ።

ተድላ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልታየም።

ሰፈርተኛው ወዲያው ፈረደ። ሰውዬው ቆዳ ጎደለ ተብሎ በቅርቡ ከዲኖ ጋር ተጨቃጭቋል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ደግሞ ጥቅል የያዘ ሰው በተፍኪ በኩል ሲሮጥ አይቻለሁ ብሏል። ፖሊስም ፍለጋውን ወደ ተጂ አዞረ።

«አብልቼ አጠጥቼ ያኖርኩት እባብ!» አለ ዲኖ፣ ምራቁን ጢቅ አድርጎ።

ከተድላ ይልቅ ያንገሸገሸው ግን ኢንሹራንሱ ነው። ኩባንያው የላከው ገማች፣ ኪሩቤል የሚሉት ጎረምሳ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ፍርስራሹን ከሩቅ ዞረው። ፎቶ አነሳ። ጫማውን ሳር ላይ ጠረገ።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለ። «ከፈለጉ አስጠርገው ማንሳት ይችላሉ።»

መልሱ ሰንብቶ መጣ፤ ካሳ አይከፈልም። ውሉ መጋዘኑ ሥራ በሌለበት ሰዓት ይቆለፍ ይላል፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ታይቷል።

«ከእኔ ሲቀበሉ ጋሼ ዲኖ ነበርኩ» አለ ዲኖ ለእህቱ ልጅ ለጁማና። «ለእኔ መክፈል ሲመጣ ቀጣፊ ሆንኩ።»

ጁማና ጠበቃ ናት። «የእነሱ ቃል የመጨረሻ አይደለም፣ አጎቴ። የራስህን ገማች ማምጣት መብትህ ነው። ካልተስማማችሁ በግልግል ዳኞች ፊት ትቀርባላችሁ። እስከዚያው ፍርስራሹ ማስረጃህ ነው፤ አንዲት ቆርቆሮ እንዳትነሳ።»

አልተነሳችም። ዲኖ ዙሪያውን በእሾህ ሽቦ አጠረው። የራሱን ገማች አመጣ፤ እሱም ከኋላ በኩል ገብቶ የተቃጠለውን የመብራት ገመድ አየና፣ እሳቱ የተነሳው ከኤሌክትሪክ ነው አለ። ዲኖ ግን ለተድላ አልራራም። በሩን ከፍቶ ቆዳ ይዞ ወጥቷል፤ መቃጠሉን ሲሰማ በዚያው ጠፋ፤ በቃ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆዳውን አበሰበሰው፤ ሽታው ሰፈሩን ሞላው። ዝንቡ ከዳቦው ከስኳሩ ላይ አልነሳ ሲል ባለሱቆቹ አቤት አሉ። ከቀበሌ መጥተው ይነሳ ቢሉት፣ «መብቴ ነው፣ ማንም እንዳይነካው!» ብሎ መለሳቸው። ውሾች በሽቦው ሥር ሾልከው የፊት ለፊቱን ክምር ሲጭሩ በድንጋይ ያባርራቸዋል። ቆዳ ሲነግድ ያረጀ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ግማት ግን አጋጥሞት አያውቅም። ምሳው ከጉሮሮው አልወርድ ይለው ጀመር።

የተድላ ሚስት ወርቅቱም ከተጂ እየተመላለሰች ከሽቦው ውጭ ትቆማለች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዲኖ? ወሬ የለም?»

«ወሬው ያለው አንቺ ዘንድ ነው። የት ደበቅሽው?»

«አዲሱ ጫማው እዚያ የጥበቃ ጎጆው ውስጥ አለ። የሚጠፋ ሰው እሱን ጥሎ ይሄዳል?»

«ለሌባ ሚስት መልስ የለኝም። ሂጂልኝ!»

ፊቷን ማየት እንኳ አስጠላው። ባሏ ልኳት ልትሰልል የመጣች መሰለው።

የግልግሉ ቀን ደረሰ። ኪሩቤል ስለተከፈተው በር ሲናገር ዲኖ ብድግ አለ።

«ተከፍቶ ነበር፣ አልካድኩም! እኔ ስደርስ ወለል ብሎ አገኘሁት። ጎጆው ውስጥ ሰው የለም። እኔው በገዛ እጄ ቆለፍኩት።»

«ጥበቃውን አልጠሩትም?» አሉ ሰብሳቢው።

«ያ ሁሉ ወፍጮ እየጮኸ ምን ልጥራ፣ ጌታዬ? ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። ይኸውና!» ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ራቢአ መሰከረች። «ሲቆልፍ አይቻለሁ። ጓጉንቸሩን እየሳበ ሞከረው። እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ጭሱን አየሁ። ቆርቆሮው በሙቀቱ እየተንኳኳ እየተንኳኳ፣ እስኪናድ ድረስ ሱቄ ውስጥ ሆኜ እሰማው ነበር።»

ዳኞቹ ለመወሰን አልተቸገሩም። ባለውሉ መቆለፍ ያለበትን በር ቆልፏል፤ ኩባንያው ካሳውን ይክፈል። ጁማና አጎቷን አቀፈችው። ዲኖ በኪሩቤል አጠገብ ሲያልፍ፣ «እናንተን ብሎ ሰው!» አለና በንቀት ገላመጠው።

በማግስቱ የቀን ሠራተኞች ቀጥሮ ሽቦውን አስፈታ። ወርቅቱ እንደልማዷ ቆማለች፤ ደስ ብሎት ነበርና ዛሬ አላባረራትም። ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ቆርቆሮውን ገለጡ፣ የፊተኛውን ግንብ ፈነቀሉ፣ የበሰበሰውን ቆዳ በአካፋ ዛቁ። በመጨረሻ የወደቀውን የብረት በር አራት ሆነው ቀና አደረጉት።

አንደኛው አካፋውን ጥሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወርቅቱ በመካከላቸው አልፋ ገባች።

ከበሩ ሥር፣ ሁለቱንም መዳፎቹን ወደ ብረቱ እንደዘረጋ፣ ተድላ ነበር።